የኋላው እግር

አብዱልቃኒ ለቀስተኛውን ሰላም ሳይል ዱላውን አነሣና የመኪናዋን የኋላ መስተዋት አወረደው። ዳሱ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የነበሩት ወንዶች ብድግ ብድግ አሉ። ስብርባሪው ሼህ ጀማለዲን እግር ሥር ተበተነ። ሁለተኛው ምት ጣሪያዋ ላይ፣ ሦስተኛው በሯ ላይ አረፈ።

"ወንድሜን በላሽው! በላሽው አንቺ የብረት ጅብ!"

አራተኛው ላይ ዱላው ለሁለት ተሰበረ። ግማሹን እንደ ጨበጠ እያለከለከ ቆመ።

"ተው ልጄ" አሉት ሼህ ጀማለዲን። ማክሰኞ ዕለት ሟቹን አጥበው የቀበሩት እሳቸው ነበሩ። "ብረት ምን ያውቃል? ና ተቀመጥ፣ ዱዓ እናድርግ።"

"ብረት ብቻውን ሰው አይገድልም ሼህ! ያ ረዳቱ ፈንታ የሚሉት የታለ? አገሩ አማኑኤል ገብቶ የተሸሸገው?"

ሰዎቹ ተመልሰው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

ቤት ውስጥ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ የሟቹ ሚስት አስያ እያንዳንዱን ምት ሰማች። በእያንዳንዱ ምት ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰበሰብ ነበር፤ ሳታዘው። አጠገቧ የነበረችው ጎረቤቷ ጤናዬ አየቻትና መዳፏን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት። ጤናዬ ከዚህ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለይታ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ግድግዳው ቀጭን ነው። ብዙ ሰምታለች፤ አንድ ቀንም አውርታው አታውቅም።

ሙሐመድሳኒ የሞተው ማክሰኞ ረፋድ፣ እዚሁ ግቢው ውስጥ፣ ከዚህች ጥቁር መኪና ሥር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ ነበር። በዚያው ዕለት ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ። ታናሽ ወንድሙ አብዱልቃኒ ጉንደ ወይን እህል የሚነግድ ሰው ስለሆነ መርዶው በጭነት መኪና ሾፌር ደርሶት ረቡዕ ከቀትር በኋላ ገባ። አንድ እፍኝ አፈር እንኳ ሳይጥልበት ቀረ። ግቢው ጋራዥም መኖሪያም በመሆኑ ዳሱ የተጣለው መኪናዋን ከመሐል አድርጎ ነው። የኋላዋ በሁለት ጉማጅ ግንድ ላይ ከፍ እንዳለ ነበር፤ ሬሳውን ሊያወጡ ያነሷት ሰዎች ግንዱን እንደ ነገሩ መልሰው ደግፈዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሊያወርዳት የደፈረ የለም። ለቀስተኛው ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል።

"ቀብር ላይ እንኳ አልቆመም እኮ" አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ስለ ፈንታ ነው።

"ይኸን ያህል ዓመት አብረው ሠርተው!"

"ከዚህ ሲወጣ ራሱ በደም ታጥቦ ነበር አሉ። ተደባድበው ነበራ።"

"ድጋፉን ረግጦበት ይሆን?"

"እሷ ነበረች፤ አይታለች። ዝም አለች እንጂ። እንባስ ቢሆን፣ የታለ እንባዋ?"

አስያ ሁሉንም ሰማች። ፖሊስ መጥቶ "መኪናዋ ወደቀችበት?" ሲላት "ወደቀችበት" ብላዋለች፤ ጽፎ ሄደ። ያለችው እውነት ነው። የቀረውን ለመናገር ግን ሌላም ሌላም መናገር ይኖርባታል፤ ስለ እሱም፣ ስለ ራሷም። ያን ደግሞ በለቅሶ ቤት፣ በሟች ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንዴት ይናገሩታል?

ውጭ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለ ሟቹ እያወሳ ነበር። "ክረምት ላይ ሞተሬ ጠፍቶብኝ መጥቶ፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት እንጨት ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። 'ሁለተኛው ፒስተን ነው የታመመው' አለኝ። ከፈትነው፤ ሁለተኛው ነበር። እንዲህ ያለ እጅ አፈር ይብላው?"

"አላህ ይዘንለት" አሉ ሰዎቹ።

እጁን አስያም ታውቀዋለች።

ሚስት ሆና በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ ፈንታ የተሳሳተ የቡሎን ቁልፍ ስላቀበለው ሙሐመድሳኒ በዚያው በከባዱ ቁልፍ አፉን ሲለው አይታለች። ሁለት ጥርስ መሬት ላይ ወደቀ። ፈንታ ከአማኑኤል የመጣ፣ ጎልማሳ፣ ባለትዳር ሰው ነው፤ ጥርሶቹን ለቅሞ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ተመልሶ ሥራ ገባ። ሙሐመድሳኒ አንድ ቃል አልተናገረውም። ሳምንት ቆይቶ ግን ለፈንታ ሚስት ለታየች ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ምድጃ ይዞላት ሄደ።

እንዲህ ነበር። ይቅርታ የሚባል ቃል ምላሱ ላይ አልተፈጠረም። የአስያን የእጅ አንጓ በሰበረ ጊዜ ሁለት ቀን ቤቱን ጥሎ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ከጉድጓዱ አፍ ላይ መዘውር ተከለላት፣ በአንድ እጇ ውኃ እንድትቀዳ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እያየ አደነቀ። "እንዴት ያለ ባል ነው ያለሽ!" አሏት። እጇ በቀርከሃ እንደ ታሰረ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ዛሬ ሁለት ዓመት የሆነው ያ ቀን መጣ። ፈንታን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ በብረት ቱቦ ሲመታው፣ አስያ ሮጣ ክንዱን ያዘችው። "ተው! ትገድለዋለህ!" አለችው፣ ደንበኛ ፊት። ወረወራት። ግቢው ውስጥ አንድ የተፈታ ሞተር ነበረና ዳሌዋ እሱ ላይ አረፈ። ድምፁን ጤናዬ በግድግዳው ወዲያ ሰምታዋለች።

ወጌሻው ሞከረና አልቻለም። ሙሐመድሳኒ አዲስ አበባ ወሰዳትና ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛች። አንዱ እግሯ ከሌላው ሁለት ጣት አጥሮ ቀረ። ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ተመልሳ እንድትታይ፣ አለበለዚያ አጥንቱ እንደሚበላሽ ነገራት።

የመልሱን መንገድ አትረሳውም። አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ዳሌዋ ውስጥ ገብቶ ይወጣ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ ደማ። ሙሐመድሳኒ ከጎኗ ተቀምጦ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጧል። ዐቀበቱን ሲጨርሱ ድንገት፣

"ባሌስትራው ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ወፍራም ዘንግ አስሯቸዋል። በላዩ ባሌስትራ፣ ያ የተደራረበው ብረት፣ ተጭኖበታል። አንደኛው ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን ይዞት ይወድቃል፤ አንደኛው ድንጋይ ሲወጣ ሌላውን ይወረውረዋል። ለየብቻ ቢሆኑ እንዲህ አይሆንም ነበር።"

ያበደ መሰላት። ደብረ ማርቆስ ስትወርድ "ከእንግዲህ ብሞትም በዚህ መንገድ አልመለስም" አለችው። አልተመለሰችምም። ከዚያ ወዲህ ዳሌዋ ከወር ወር እየባሰበት ሄደ።

በዓመቱ ይህችን ጥቁር መኪና እየጎተተ አመጣ። ጣልያን ትቷት የሄደች፣ ዶሮ የሚተኛባት ነበረች። ቀጥሎ ደግሞ ዓባይ በረሃ ውስጥ ገደል ከገባች አንዲት የጀርመን መኪና የኋላውን እግር ብቻ አስፈትቶ በጭነት መኪና አስጫነው፤ መሐሉ ላይ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል፣ ግራና ቀኙ ላይ ለየብቻ የሚታጠፉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች፣ በየዘንጉ ላይ አንዳንድ ጥቅል የብረት ሞላ። ፈንታን ጠርቶ አንዱን ዘንግ ብድግ ሲያደርገው ሌላው ንቅንቅ አላለም። "አየኸው? እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ጉልበት አለው!" አለ። አስያ በዚያ ቀን ሲስቅ አየችው። ሰው "የማን መኪና ናት?" ሲለው "የሰው ናት" ይላል። እሷም የሰው ናት ብላ ተቀበለች።

ሐሙስ፣ በሦስተኛው ቀን ጧት፣ አብዱልቃኒ ሴቶቹ ካሉበት ክፍል በር ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰ ፊት ነበረው።

"አስያ፣ ወንድሜ አባት ሆኖ ነው ያሳደገኝ። ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። ያ ሰው ምን አደረገው?"

"ሰው መሐል ነን አብዱልቃኒ። ዱዓው ይለቅ።"

"ዱዓው! ደሙ እየጮኸ ዱዓው ይለቅ ትይኛለሽ?" ኮቱን ገለጥ አደረገ። ቀበቶው ውስጥ ሽጉጥ ነበር። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ አንዷ ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች። "ዝም ካልሽ ዝምታሽን እንደ ምስክር እቆጥረዋለሁ" ብሏት ወጣ።

ጤናዬ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። "እታለም፣ ይህ ሰው ደም ያፈሳል። ያየሽውን ንገሪ።"

"ያየሁትን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት" አለች አስያ።

ዱዓው አልቆ ሰዎቹ ገና እጃቸውን ከፊታቸው ሳያወርዱ ፈንታ በግቢው በር ገባ። ራሱ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ሚስቱ ታየች በክንዱ ደግፋዋለች። ሁለት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ጧት ሲነቃ ለቅሶ ልድረስ ብሎ የለመናት እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ፣

"እግዜር ያጥናችሁ" አለ።

አብዱልቃኒ ተነሣ። ማንም ሳይደርስበት ሽጉጡን መዝዞ በእጀታው የፈንታን ራስ መታው። ነጩ ጨርቅ ቀላ። ታየች ጮኸች። ፈንታ በጉልበቱ ወደቀና እጁን እንኳ ሳያነሣ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ መታው።

"ግባ! ከሥሯ ግባ! ወንድሜ በገባበት ግባ!"

"አብዱልቃኒ! ፈጣሪን ፍራ!" አሉ ሼህ ጀማለዲን። ሾፌሩና ሌላ አንድ ሰው ወደፊት ሲሉ አብዱልቃኒ ወደ ላይ ተኮሰ። የዳሱ ቅጠል ረገፈ፤ ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ሽጉጡን ወደ ፈንታ መለሰው። ፈንታ በደረቱ እየተሳበ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ደሙ ከኋላው መሬቱ ላይ ተሰምሮ ቀረ።

አብዱልቃኒ እግሩን በስተቀኝ ባለው ጉማጅ ላይ አደረገ። መኪናዋ እንደ ነገሩ ነበር የተደገፈችውና ሲጫነው ብረቱ ቂው አለ።

"ተናገር! እንዲህ ረግጠኸው ነው አይደል?"

"አልነካሁትም" አለ ፈንታ ከሥር። ድምፁ በጭንቅ ነው የተሰማው።

"ዋሽተሃል! አንድ፣ ብዬ እቆጥራለሁ..."

አስያ ወጣች።

ሴቶቹ ሊይዟት ሞክረው አልቻሉም። በወንዶቹ መሐል እያነከሰች አለፈች። መንገድ ለቀቁላት። መኪናዋ ጋ ስትደርስ ጠርዟን ያዘች፣ የታመመ እግሯን ወደ ጎን ዘረጋች፣ ጥርሷን ነክሳ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ያ አብዱልቃኒ የረገጠው ጉማጅ ላይ አስደገፈች። ራሷ ከመኪናዋ ብረት ሥር ሆነ።

"አሁን ርገጠው" አለችው።

"ተነሺ! ሴትዮ ተነሺ ብያለሁ!"

"ያየሽውን ንገሪኝ ብለኸኝ የለ? እነግርሃለሁ። ወንድምህን የገደለው እጁ ነው። የገዛ እጁ።"

ተናገረች። ድምፅዋ አልተነሣም፣ አልወረደምም።

ማክሰኞ ጧት የጀርመኗን መኪና የኋላ እግር ከጥቁሯ መኪና የብረት አጥንት፣ ከሻንሲው፣ ጋር ሊያስሩት ነበር። አራት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሦስቱ ገጠሙ። አራተኛውን ፈንታ የእርሳስ ውፍረት ያህል አሳስቶ በስቶታል። ሙሐመድሳኒ ከሥር ወጣ፣ የብረት ቱቦውን አነሣ፣ የፈንታን ራስ መታው። ፈንታ ወደቀ። ወድቆም መታው። ከዚያ ትልቁን መዶሻ ይዞ ተመልሶ ከሥሯ ገባ፤ ቡሎኑን በግድ ሊያስገባው። ይመታል፣ አይገባም። ይሳደባል፣ ይመታል። መኪናዋ በያንዳንዱ ምት ትናወጣለች። ፈንታ ደሙን ከዓይኑ እየጠረገ አየ፤ ጉማጁ እየተንሸራተተ ነው።

"'ጋሼ ውጣ! ግንዱ እየሄደ ነው!' አለው። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ዝም በል አንተ ደንቆሮ! ገና ወጥቼ እጨርስሃለሁ!' ብሎ መለሰለት። ቡሎኑን እንደገና መታው። ወደቀችበት።"

"ውሸት ነው!" አለ አብዱልቃኒ።

"እንዳለ ልጨርስልህ። ወዲያው አልሞተም። ጠራኝ። 'አስያ' አለኝ። እዚያ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አልሄድኩም።"

ሼህ ጀማለዲን አንገታቸውን ደፉ።

"'አስያ' አለኝ ሁለተኛ። አልሄድኩም። እግሬ እንቢ ብሎኝ ነው እንዳልል፣ እግሬን የሰበረውም እሱ ነው። ይኸን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጤናዬ ትመስክር፣ በግድግዳው ትሰማ ነበር። ቆሜ አየሁት። በሦስተኛው ስሜን ሳይሆን 'እማ' አለ። ያኔ ሄድኩ። ስደርስ ይኸ ራሱ የተፈነከተ ሰው ትከሻውን ከብረቱ ሥር ከትቶ ሊያነሣት ይታገላል። እጄን አገባሁ። ሁለታችን አልቻልናትም። ሰው ጮኸን ጠራን። መኪናዋ ስትነሣ ነፍሱ አልነበረችም። በቃ። ደም ከፈለግህ ሁለት ጊዜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ይኸን ሰውዬ ተወው።"

አብዱልቃኒ ጎንበስ ብሎ በጥፊ መታት። ራሷ ከጉማጁ ጋር ተጋጨ። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አልጮኸችም፣ ከቦታዋም አልተነሣችም። ቀና ብላ አየችው።

"ይህችን እጅ አውቃታለሁ" አለችው። "የወንድምህ ናት። ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ የማን ነው አብዱልቃኒ? ስንት ዓመትህ ነበር?"

እጁ ሳያስበው ወደ ግንባሩ ሄደ። ቅንድቡን ለሁለት የከፈለውን አሮጌ ጠባሳ ነካው፤ እዚያው ቀረ። "ስምንት" አለ። ለማን እንደ ተናገረ አይታወቅም። እግሩ ከጉማጁ ላይ ወረደ። ከዚያ የተሰበረው መስተዋት ላይ ተቀመጠና ይንሰቀሰቅ ጀመር፤ በትልቅ ሰው ድምፅ ሳይሆን በልጅ። ሼህ ጀማለዲን መጥተው ሽጉጡን ከእጁ ወሰዱት። አልተከላከለም።

ሾፌሩ የፈንታን እግር ይዞ ስቦ አወጣው። ታየች ነጠላዋን ቀዳ ራሱን አሰረችው።

"ይህች ነገር ከእንግዲህ እንደ ተሰቀለች አትውልም" አሉ ሼህ ጀማለዲን። "አውርዷት።"

ዐሥራ ሁለት ወንዶች ከበቧት። አብዱልቃኒ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ መጣና በስተቀኝ ትከሻውን ሰጠ። የፈንታ ድምፅ ከግድግዳው ሥር "በሦስቱ ቡሎን ትይዛለች፣ ቀስ አድርጓት" አለ። አነሷት፣ ጉማጆቹን አወጡ፣ ለቀቋት። አንዱ የኋላ ጎማ ሜዳው ላይ፣ ሌላው ማንም ልብ ያላለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ሞላዎቹ አንዴ ጢው ብለው ተጨመቁ፤ በድንጋዩ በኩል ያለው ጎማ ብቻውን ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጣሪያዋ እምብዛም አልዘመመም።

ሾፌሩ ዞሮ ዞሮ አያት። በእግሩ ጠርዟን ገፋ አደረገና ስትወዛወዝ ተመለከተ። "ሠርቷታል" አለ በዝግታ። "ወላሂ ሠርቷታል። ለየትኛው ትልቅ ሰው ነበር?"

"ለእሳቸው" አለ ፈንታ አስያን እያየ።

አስያ አሁንም መሬት ላይ ነበረች፤ ጤናዬ ልታነሣት እጇን ዘርግታላታለች።

"ለእኔ?"

"ለእርስዎ ነበር እትዬ አስያ። አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስመረምርዎት። ሲያልቅ መጀመሪያ የኋላው ወንበር ላይ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ አስቀምጠን እስከ አማኑኤል ደርሰን እንመለሳለን ይለኝ ነበር። ውኃው ካልፈሰሰ እሷም አይሰማትም ይላል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።"

አስያ የጤናዬን እጅ ለቀቀች። ለረጅም ጊዜ መኪናዋን አየቻት፤ የተሰበረውን መስተዋት፣ የተጨመቁትን ሞላዎች፣ ከሥር ያለውን መሬት። ከተሰነጠቀ ከንፈሯ የመጣውን ደም በመሐረቧ አበሰች።

"ዓመት ሙሉ ብረት ከሚቀጠቅጥ" አለች፣ "'አስያ፣ አጥፍቻለሁ' ቢለኝ ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር!"

የመጨረሻውን ስትናገር ነው ድምፅዋ የተሰበረው። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቁት እንባ አልመጣም፤ የመጣው ጩኸት ነበር፣ አንድ ብቻ፣ ረጅም። ሴቶቹ ከቤት እየሮጡ ወጡ።

ለቀስተኛው ከቀትር በኋላ ሳሳ። አብዱልቃኒ ፈንታንና ታየችን አማኑኤል የሚያደርስ መኪና ሊፈልግ ከሾፌሩ ጋር ይዟቸው ወጣ። በሩ ላይ አብዱልቃኒ ቀድሞ እንዲያልፍ ለፈንታ መንገድ ለቀቀለት። ፈንታ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ዞረ።

"እትዬ፣ አራተኛውን ቀዳዳ ልብሳው? አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው።"

"አራት ወር ከዐሥር ቀን ከዚህ ግቢ አልወጣም፤ ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ነው" አለችው አስያ። "ከዚያ በኋላ ጠይቀኝ። እሺም አላልኩህም፣ እንቢም አላልኩህም።"

ቤት ውስጥ ጤናዬ ከቤቷ ያመጣችውን ንፍሮ በሳህን አቀረበችላት። ከማክሰኞ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧት። ጤናዬ ማስታጠቢያውን ከፊቷ አድርጋ በአንድ እጇ ሞቅ ያለ ውኃ አፈሰሰች፣ በሌላው የአስያን ቀኝ እጅ ያዘች። ያኔ ነው ያየችው። ጥፍሮቿ ሥር ግራሶ፣ የመኪናዋ ቅባት፣ ገብቷል፤ ጥቁር፣ የደረቀ፣ ከማክሰኞ የቀረ። ብረቱን ልታነሣ ስትታገል የገባ ነው።

"ይኸን ይዘሽ ልትበዪ አይደል? አምጪ እንጂ" አለችና ጤናዬ ከደጅ እሾህ አስመጥታ፣ በሳሙና እያራሰች፣ ጥፍር በጥፍር እየዞረች አወጣችላት። ውኃው ማስታጠቢያው ውስጥ ጠቆረ። የቀኝ እጇ ዐምስቱም ጥፍር ነጣ።

"ያንንም" አለች ጤናዬ።

አስያ ግራ እጇን ጨበጠች፤ ቀሚሷ ሥር አስገብታ ያዘችውና በቀኟ ንፍሮውን ዘገነች።